ልጆች ተበደልን ባሉ ጊዜ ስለሚመለስላቸው የመጀመሪያ ቃል

ልጅን ማሳደግ ማብላትና ማልበስ ብቻ እንዳይደለ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው፤ ይህንንማ አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ አሳምረው ያውቁት ነበር። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንጽፍበት ነገር ከዚያው ከልጅ አስተዳደግ ወገን ሲሆን፥ ብዙ ቤተ ሰብ ገና ያልተሰናዳበት፥ ብዙ ሹምም «ይህማ የልጆች ጨዋታ ነው» እያለ የሚያልፈው ነው። ይኸውም ልጆች በትምህርት ቤት ከባልንጀሮቻቸው፥ በእጅ ስልካቸውም ከሚያውቁትና ከማያውቁት ሰው የሚደርስባቸው መዋረድ፥ መዋከብና ማስፈራራት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፥ ከ144 አገሮች የተገኘውን መረጃ መርምሮ፥ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ያህል በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከእኩዮቹ እንዲህ ያለ በደል እንደ ደረሰበት አስታውቋል። ይህን ስሌት ስድሳ ልጅ ወደሚማርበት አንድ ክፍል ብንመልሰው ሃያ ልጅ ማለት ነው።

ቋንቋችን ለዚህ በደል አንድ ስም አልለየለትም። ማላገጥ፥ ማሽሟጠጥ፥ መተንኰስ፥ ማንጓጠጥ፥ ማግለል እያልን እያንዳንዱን ለብቻው እንጠራዋለን እንጂ ሁሉን ባንድነት የሚይዝ ቃል የለንም፤ ስም ያልወጣለት ነገር ደግሞ በመዝገብ አይገባም፥ በመዝገብ ስላልገባውም ነገር ሹም አይጠየቅም። በስዊድን ተወልዶ በኖርዌይ አገር በበርገን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ዳን ኦልቬውስ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ ነገሩን ብዙ ዘመን መርምሮ ሦስት ምልክት ሰጥቶታል። ይኸውም ሆን ተብሎ የሚደረግ መሆኑ፥ የሚደጋገም መሆኑ፥ ተበዳዩም ራሱን ለመከላከል ኃይል የሚያንሰው መሆኑ ነው። ሁለት እኩያ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ተጣልተው ቢደባደቡ ይህ ጠብ ነው፤ ያስታርቋቸዋል፥ ያልፋል። አንድ ልጅ ግን በየቀኑ፥ በዚያው ሰዓት፥ በዚያው በር ላይ፥ በዚያው የስድብ ስም ሲጠራ፥ ጠሪዎቹም አምስት ሲሆኑ፥ ይህ ጠብ አይደለም፤ ግፍ ነው። የኖርዌይ መንግሥት ይህን የተረዳው ዘግይቶ፥ በኀዘንም ነበር። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ሦስት ወንዶች ልጆች በባልንጀሮቻቸው ግፍ ተማርረው ራሳቸውን ማጥፋታቸው ከተሰማ በኋላ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1983 ዓ.ም. በመላው አገር ትምህርት ቤቶች ዘመቻ ተጀመረ። ኦልቬውስ በበርገን ከተማ 2,500 ያህል ተማሪዎችን ተከታትሎ፥ መምህራንና ወላጆች ባንድነት ደንብ ባወጡበትና በጠበቁት ስፍራ በደሉ በግማሽና ከግማሽም በላይ እንደ ቀነሰ አሳየ።

«ይህ የፈረንጅ አገር ነገር ነው» የሚል ሰው ቢኖር በየትምህርት ቤታችን በር ጥቂት ቆሞ ያዳምጥ። የሸክላ ሠሪዋ ልጅና የቀጥቃጩ ልጅ ቡዳ ተብለው ብቻቸውን ይቀመጣሉ፤ የሚያነክሰው በአካሄዱ፥ ኰልታፋው በአነጋገሩ ይጠራል፤ ከገጠር የመጣችውን ልጅ ገና አፏን ስትከፍት ክፍሉ ሁሉ ይስቅባታል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በዘመነ መንግሥታቸው (ከ1882 እስከ 1906 ዓ.ም.) ሠራተኛን በሥራው እየጠሩ መሳደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድብ የአገርን ሥራ የሚያፈርስ ነገር መሆኑን መንግሥት ከመቶ ዓመት በፊት ካወቀ፥ ዛሬ አንድ ርእሰ መምህር «ስድብ ምን ያደርጋል፥ አጥንት አይሰብር» ብሎ ልጅን ቢመልስ ከአዋጁ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው።

ዳሩ ግን በፊት የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል በደሉም ያርፍ ነበር፤ ልጁ ከእናቱ ቤት ሲገባ ተሳዳቢው ከውጭ ይቀር ነበር። አሁን ግን ተሳዳቢው ከልጁ ጋራ አብሮ ይገባል፥ ከትራሱም ሥር ያድራል። የክፍሉ ልጆች በቴሌግራም ቡድን ያቋቁሙና የአንዲቱን ልጅ ፎቶግራፍ ወስደው መሳቂያ ጽፈውበት ያዞሩታል፤ በስሟ የሐሰት ገጽ ከፍተው ያልተናገረችውን ያናግሯታል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚባለው ጥበብ፥ ልብሷን ለብሳ የተነሣችውን ፎቶግራፍ ራቍቷን እንደ ተነሣች አስመስለው ይሠሩታል። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ሆኖም የአፍ ቃል ከጊዜ ብዛት ይረሳ ነበር። በስልክ የተጻፈው ግን ከዓመት በኋላም እንደ ትናንት ሆኖ ይነበባል፤ ማን እንዳየውና ማን እንዳላየው ተበዳዩ ስለማያውቅ በመንገድ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ያየው ይመስለዋል። ጸሐፊው ደግሞ የተሰዳቢውን እንባ በዓይኑ አያይምና፥ ፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ በኀፍረት ያቋርጠው የነበረውን ይቀጥላል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ከማይታወቅ ሰው የሚመጣው ነው። አንድ ጐልማሳ ራሱን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አስመስሎ ይቀርባል፤ ያመሰግናል፥ ያጽናናል፥ ምስጢር ያካፍላል፤ ከዚያም ፎቶግራፍ ይለምናል። ፎቶግራፉ በእጁ በገባ ቀን ድምፁ ይለወጣል። «ገንዘብ ላክ፤ ወይም ሌላ ጨምረህ ላክ፤ አለዚያ ለአባትህና ለትምህርት ቤትህ እልከዋለሁ» ይላል። ይህ በሴቶች ልጆች ብቻ የሚደርስ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ ወንዶቹም፥ ይልቁንም ስለ ገንዘብ፥ በዚሁ ወጥመድ ይያዛሉ። በካናዳ አገር በብሪቲሽ ኮሎምቢያ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ በእንዲህ ያለ ሰው ስትሳደድ ኖራ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. ሕይወቷ አለፈ። አሳዳጇ የተገኘው ከውቅያኖስ ማዶ በሆላንድ ነበር፤ በ2022 ዓ.ም. የካናዳ ፍርድ ቤት 13 ዓመት እሥራት ፈረደበት። ፍርዱ የተሰጠው ልጅቱ ከሞተች ከዐሥር ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

ነገሩ አዲስ የሚመስለው በመሣሪያው ነው እንጂ በተንኰሉስ አዲስ አይደለም። መጽሐፈ ሶስናን የሚያነቡ ካህናት ወዲያው ያውቁታል። ሁለት ሽማግሌዎች፥ ለዚያውም ሕዝቡ ዳኛ አድርጎ የሾማቸው፥ ሶስናን በአትክልቱ ስፍራ ብቻዋን ባገኟት ጊዜ ፈቃዳቸውን ካልፈጸመች ከአንድ ጐልማሳ ጋራ አየናት ብለው እንደሚመሰክሩባት አስፈራሯት። የዛሬው አስፈራሪ በዚህ ላይ ምን ጨመረ? የሁለቱም መሣሪያ የተበዳይዋ ኀፍረት ነው፤ የሁለቱም ተስፋ ዝም እንድትል ነው። ሶስና ግን በታላቅ ድምፅ ጮኸች። ቢሆንም ጩኸቷ ብቻውን አላዳናትም፤ ጉባኤው የሽማግሌዎቹን ክብር አይቶ አመናቸውና ሞት ፈረደባት። ያዳናት ዳንኤል ተነሥቶ ምስክሮቹን ለያይቶ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት በየብቻቸው በጠየቃቸው ጊዜ ነው። እንግዲህ ልጆቻችንን ጩኹ፥ ተናገሩ ብለን ከመምከራችን በፊት፥ ሲጮኹ የሚሰማቸው ቤት፥ ትምህርት ቤትና ፖሊስ ጣቢያ ከዳንኤል ወገን ይሁን ከጉባኤው ወገን መመርመር ይገባናል።

ልጅ በደሉን አንድ ጊዜ አውጥቶ አይናገርም። ስለ ሌላ ልጅ የሚያወራ መስሎ ይጀምራል፤ ወይም አንድ ጥያቄ ይጠይቅና የአባቱን ፊት ይመለከታል። በዚያች ቅጽበት የሚመለስለት ቃል፥ ሁለተኛ ይናገር ወይም ለዘላለም ዝም ይል እንደ ሆነ ይወስናል። «አንተስ ምን አድርገሃቸው ነው?» ቢባል፥ በደሉ የራሱ ጥፋት እንደ ሆነ ይማራል። «ስልክ ይቅርብሽ ብዬ አልነበረም?» ብትባል፥ ነገሩ የወላጅ ድል መንሻ ሆኗልና ከእንግዲህ አትናገርም። «ይህን ጎረቤት ቢሰማ ምን ይላል?» ብትባልማ፥ አስፈራሪው የነገራትን እናቷ አጸደቀችለት ማለት ነው፤ እርሱም ያላት ይህንኑ ነበርና። የኢዮብ ወዳጆች በመጀመሪያ መልካም አድርገው ነበር፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋራ በምድር ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተነፈሱም። የተሳሳቱት አፋቸውን ከፍተው ጥፋቱን ከራሱ ከኢዮብ መፈለግ በጀመሩ ጊዜ ነው። ለልጅ ሰባት ቀን አያስፈልግም፤ ዝም ብሎ እስኪጨርስ መስማት፥ ከዚያም «ነግረኸኛልና መልካም አደረግህ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ አብረን እናየዋለን» ማለት ይበቃል። ቍጣም ካለ፥ መኖሩም አይቀርም፥ ከልጁ ፊት ዞር ብሎ ይቈጧል።

በባህላችን በታላላቆች ፊት የማይናገር ልጅ ጨዋ ይባላል። ጨዋነትን አንነቅፍም፤ በእርሱ ያደግን ነን። ነገር ግን ልጅ ሲጠየቅ መመለስን፥ ሲቀድሙት መታገሥን እንጂ፥ ሲበደል ዝም ማለትን ጨዋነት ያለው ማን ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ያው ሕዝብ ነው።

ሁለት ምክር በየቤቱ ይሰማል፤ ሁለቱም አይረቡም። አንደኛው «ምታውና ይተውሃል» የሚለው ነው። በደሉ በደል የሆነው ኃይላቸው ስላልተካከለ መሆኑን ቀድመን ተናግረናል፤ የሚችል ቢሆን ኖሮ ሳይመከር በመታ ነበር። ሁለተኛው «ታገሥ፥ ጸልይ» የሚለው ሲሆን፥ ይህን ከካህናትም እንሰማለን። ትዕግሥት መቃወም ለሚችል ሰው የሚያምር ምግባር ነው። ማምለጫ የሌለው የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ግን ታገሥ ሲባል የሚሰማው ማንም አይመጣልህም የሚል ነው። ይጸልይ፤ አባቱም አብሮት ይጸልይና በማግሥቱ ጠዋት ልጁን ይዞ ወደ መምህሩ ይሂድ።

ስልኩን መንጠቅ በብዙ ቤት የመጀመሪያው ፍርድ ነው። ልጅ ነግሮ ሲቀጣ ሌላ ጊዜ እንደማይነግር ግልጽ ነው፤ ከዚህም በላይ ማስረጃው ያለው በዚያው ስልክ ነው። ሳይደመስሱ የተላከውን መልእክት፥ የላኪውን ስምና የገጹን አድራሻ፥ ቀኑንና ሰዓቱን የሚያሳየውን ገጽ እንዳለ በምስል አስቀርቶ ማኖር ያሻል። የልጅ ራቍት ምስል የሆነ እንደ ሆነ ግን እርሱን ማባዛትና ለሌላ ሰው መላክ፥ ለዘመድም ቢሆን፥ አይገባም፤ ስልኩን ይዞ ሄዶ ለፖሊስ ማሳየት ነው። ለአስፈራሪ ገንዘብ አይከፈልም፤ የከፈለ ሰው መክፈል እንደሚችል አስታወቀ፥ ሁለተኛም ይጠየቃል። ማስረጃው ከተያዘ በኋላ ላኪውን መዝጋትና ለኩባንያው ማመልከት ይከተላል። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ሳሉ ለተነሡ እንዲህ ያሉ ምስሎች በአሜሪካ የጠፉና የተበደሉ ሕፃናት ማዕከል በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. «ቴክ ኢት ዳውን» የተባለ ነጻ አገልግሎት አቋቁሟል። አሠራሩም ፎቶግራፉ ከልጁ ስልክ ሳይወጣ የቍጥር አሻራው ብቻ ይወሰድና፥ በማኅበሩ የገቡት ኩባንያዎች በዚያ አሻራ ምስሉን ከየገጻቸው ፈልገው ያነሡታል። ማንም ሰው ፎቶግራፉን ስለማያየው ለሚያፍር ልጅ እጅግ የሚስማማ ነው።

ሕግም አለ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 ሌላውን ሰው ወይም ቤተ ሰቡን በኮምፒዩተር አማካይነት በከባድ ጕዳት ማስፈራራትን፥ እየደጋገሙም መልእክት በመላክ ፍርሃትና የአእምሮ ጭንቀት ማሳደርን በወንጀል ይቀጣል። አንቀጽ 12 ደግሞ የልጆችን የወሲብ ምስል ማዘጋጀትንና ማሠራጨትን ብቻ ሳይሆን ይዞ መገኘትንም በጽኑ እሥራት ያስቀጣል። በዚሁ አዋጅ የአገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነቱን መረጃ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቈዩ ታዘዋልና፥ «ጊዜ ይፍታው» ብሎ የተቀመጠ ቤተ ሰብ ዓመቱ ካለፈ በኋላ ቢያመለክት መርማሪው የሚይዘው ጫፍ ሊያጣ ይችላል። አውስትራሊያ ከዚህ ርቃ ሄዳ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በማኅበራዊ መገናኛዎች ገጽ እንዳይኖራቸው የሚከለክል ሕግ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ አውላለች። የሚያስገኘውን ፍሬ ወደ ፊት የምናየው ነው፤ ለጊዜው ግን ክልከላ ብቻውን ልጅን ከመስማት አያሳርፈንም እንላለን።

በትምህርት ቤት በኩል ሹማምንትና መምህራን ዐይናቸውን በበዳይና በተበዳይ ላይ ብቻ ያሳርፋሉ፤ ሦስተኛውን ወገን፥ ቆሞ የሚያየውን፥ ይረሱታል። በካናዳ ተመራማሪዎች የልጆችን ግቢ በካሜራ ተመልክተው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ፥ በደል ከተፈጸመበት ጊዜ ከመቶ 88ቱ ሌሎች ልጆች ቆመው ያዩ እንደ ነበር፥ ገብተው የተከላከሉት ግን ከመቶ 19 ጊዜ ብቻ እንደ ሆነ ገልጸዋል። የሚያስደንቀው የሚከተለው ነው፤ አንድ ልጅ ገብቶ በተከላከለ ጊዜ ከግማሽ የሚበልጠው በደል በዐሥር ሰከንድ ውስጥ ቆመ። ዐሥር ሰከንድ! በፊንላንድ አገር የቱርኩ ዩኒቨርሲቲዋ ክሪስቲና ሳልሚቫሊና ባልደረቦቿ ይህንኑ መሠረት አድርገው ኪቫ የተባለ ትምህርት አዘጋጁ፤ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተሠራጨ። የሚያስተምረውም የሚስቀው እንዳይስቅ፥ ዝም የሚለውም ከተበዳዩ አጠገብ እንዲቀመጥ ነው። በስልክም እንዲሁ ነው፤ ምስሉን ተቀብሎ ለሌላ ያላሳለፈ ልጅ የበደሉን መንገድ ባለበት ቈረጠው።

በቆሎ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። በዚያ ፊደል የጨረሰው ለጀማሪው ያስቈጥራል፥ ዳዊት የደገመው ፊደል ቈጣሪውን ያስጠናል፤ የኔታ ሁሉን ማየት ባይችሉ በታላላቆቹ ዐይን ያያሉ። እርግጥ ነው፥ በዚያም ቤት ታላቁ ታናሹን ማስጨነቁ አልጠፋም። ቢሆንም ታላቅ ልጅ ለታናሹ ኃላፊ ነው የሚለው ሥርዓት የራሳችን ነውና፥ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ክፍል ልጆች ጠባቂ ሆነው ቢመደቡ ከፊንላንድ የምንበደረው ጥቂት ነው።

በዳዩም ልጅ መሆኑን መርሳት አይገባም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም፤ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ላለው በእሥራት ፈንታ ወቀሳን፥ በጥበቃ ሥር ሆኖ መማርንና ይህን የመሰለ ልዩ እርምጃ ያዝለታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ይጠብቃቸዋል። እንግዲህ ደካማውን የመታውን ተማሪ መምህሩ በአለንጋ ቢመታው፥ ብርቱ ደካማውን ይመታል የሚለውን ትምህርት ደገመለት እንጂ አላረመውም። የተሰበረውን እንዲጠግን፥ የጻፈውን በራሱ እጅ እንዲያጠፋ፥ ወላጁም ባሉበት እንዲጠየቅ ማድረግ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜም ሲመረመር በዳዩ ራሱ በቤቱ የሚደበደብ ሆኖ ይገኛል።

ለየነፍስ አባቶች አንድ ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። ሹም በማይገባበት ቤት እናንተ ትገባላችሁ፤ ልጅ ለአባቱ የማይነግረውንም ለእናንተ ሊነግር ይችላል። ትምህርት ቤቱን ይወድ የነበረ ልጅ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ሲል፥ ስልኩ በጮኸ ቍጥር ሲደነግጥ፥ መንገድ ሲለውጥ፥ ደብተሩና ገንዘቡ ሲጠፋበት ብታዩ ለብቻው አድርጋችሁ ጠይቁት። ምነው በሞትሁ የሚል ቃል ከአፉ ቢወጣ ግን እንደ ቀልድም እንደ ድፍረትም አትቍጠሩበት፤ ለብቻው ሳይተዉት በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መውሰድ ነው፤ በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ለዚህ የቆየ ነው። ጠበል መጠመቁ መድኃኒት ከመውሰድ አይከለክልም፤ ቤተ ሰቡን ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብሎ ማስጨነቅ አይገባም።

የቀረው የመሥሪያ ቤቶች ሥራ ነው። አባት ልጁን ይዞ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ወይም ከፖሊስ ጣቢያ በደረሰ ጊዜ፥ በመተላለፊያው ሰው ሁሉ በሚሰማበት ቆሞ «ምን ዓይነት ፎቶግራፍ ነው?» ተብሎ ከተጠየቀ ጕዳዩ በዚያው ያበቃል፤ ልጅቱም ዳግመኛ አትመጣም። በር የሚዘጋ አንድ ክፍል፥ ለሴት ልጅ ሴት ባልደረባ፥ ነገሩንም አንድ ጊዜ ብቻ ተናግራ እንድትሄድ ቃሏን አሟልቶ መጻፍ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። ትምህርት ቤቶችም በመስከረም ሲከፈቱ ለዚህ ብቻ የሚሆን አንድ መዝገብ ይክፈቱ፤ በእርሱም የልጁ አቤቱታ ብቻ ሳይሆን፥ አቤቱታውን የተቀበለው መምህር ስም፥ የተቀበለበት ቀንና በስንት ቀን ውስጥ ምን እንዳደረገ አብሮ ይጻፍ።